ኢጂአር፦ ይጸዳ ወይስ ይደፈን?

ጎንደር ላይ የናፍጣ ሚኒባስ ያለው ሰው መኪናው ጥቁር ጭስ ሲተፋና ዳገት ላይ ሲደክምበት ጋራዥ ሄዶ ሁለት ምክር ይሰማል። አንዱ መካኒክ «ኢጂአሩን አጽዳው» ይላል፤ ሌላው «ድፈነውና ተገላገል»።

ኢጂአር የሚባለው ቫልቭ ከተቃጠለው ጭስ ከፊሉን ወደ ሞተሩ ይመልሳል። በዚህም የቃጠሎው ሙቀት ይበርዳል፤ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለው ጎጂ ጋዝም ያንሳል። ጣጣው ጥላሸቱ ከዘይት ተን ጋር ተለውሶ ቫልቩን መዝጋቱ ነው። እንደ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ባለች ከተማ አየሩ ስስ ስለሆነ ጥላሸቱ ይበዛል። ተራ እየጠበቁ ሞተር አስነስቶ መቆም ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

መድፈን ርካሽ ነው። የጭሱን መመለሻ እንዲዘጋ ላሜራ በጓርኒሲዮኑ (በማሸጊያው) ልክ ተቆርጦ ይገባል፤ አለቀ። ኮምፒውተር የሌለው የድሮ ሞተር ችግር ላያሳይ ይችላል። አዲሶቹ ላይ ግን ኮምፒውተሩ የአየሩ መጠን መለወጡን ያውቃል። የሞተር መብራት ይበራል፤ አንዳንዱ ጉልበቱንም ራሱ ይቀንሳል። ሊማሊሞ ላይ ሰው ጭኖ ጉልበት ማጣት ቀልድ አይደለም! በብዙ አገሮችም መድፈን ክልክል ነው።

ማጽዳት ልፋት አለው። ቫልቩ ተፈትቶ በካርቦራተር ማጽጃ ይታጠባል። የአየር ማስገቢያው ቱቦም አብሮ ካልተጠረገ ከንቱ ድካም ነው። የተፋቀው ጥላሸት ወደ ሲሊንደር እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ጓርኒሲዮኑም በአዲስ ይተካ።

እኔ ማጽዳቱን እመርጣለሁ። ቫልቩ ከተበላሸ ግን መቀየር ነው። ደግሞ መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት የአየር ፊልትሮውን ይዩ፤ ጥቁር ጭስ ከእሱም፣ ነዳጅ ከሚረጨው ኢንጀክተርም ሊመጣ ይችላል።