ሀስ አቮካዶ ችግኝ፦ ችግኙ ግሩም፣ ወረቀቱ አደገኛ

ይህን ግራፍት የተደረገ (ሀስ የተባለው ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላ አቮካዶ ሥረ ግንድ ላይ የተጣበቀበት) ሀስ አቮካዶ ገዝቼ ጓሮዬ ከተከልኩት 2 ዓመት ሆነው። ሲመጣ ጉልበቴ ጋ ነበር የሚደርሰው፤ ዛሬ በቁመት በልጦኛል። ችግኙን በጣም ወድጄዋለሁ። አብሮት የመጣውን የእንክብካቤ ወረቀት ግን እባካችሁ እንዳትከተሉት።

የተጣበቀበት ቦታ በደንብ ገጥሞ ድኖ ነበር። ሥሩም ፕላስቲኩ ውስጥ አልተጠማዘዘም። ስትገዙ እነዚህን ሁለቱን እዩ። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ብዙ ጊዜ ለማፍራት ከ5 ዓመት በላይ ይወስዳል፤ ፍሬውም እናቱን ላይመስል ይችላል። ግራፍት የተደረገው ግን በ3 ወይም በ4 ዓመት ይደርሳል። የኔው ዘንድሮ አበባ አሳይቶኛል!

ወረቀቱ «በየቀኑ ውሃ ያጠጡ» ይላል። አምኜ አጠጣሁ። በሁለተኛው ወር ቅጠሉ ጠወለገ። የጠማው መስሎኝ ጨመርኩለት፤ ባሰበት። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ስከት ጭቃ ሆኗል። ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም። የአቮካዶ ሥር አየር ካጣ ይታፈናል። ውሃ የተኛበት አፈር ደግሞ ፋይቶፍቶራ ለተባለው ሥር አበስባሽ ተዋሲያን ይመቻል። ችግሩ፣ ቅጠሉ ውሃ ሲያንሰውም ሲበዛበትም ይጠወልጋል። እሱን አይታችሁ አትፍረዱ፤ አፈሩን ንኩ።

ውሃውን አቆምኩ፤ የተጠራቀመው እንዲወጣ ቦይ ቀደድኩ። ከሳምንታት በኋላ ቀላ ያለ ለጋ ቅጠል ብቅ አለ። አሁን የላይኛው አፈር ሲደርቅ ብቻ ጠለቅ አድርጌ አጠጣዋለሁ።

አፈሩን ስለሚያለብሰው ጉዝጓዝ ወረቀቱ አንድም ቃል የለውም። ይሄ ያናድደኛል። ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ ከላይ ናቸው፤ ስለዚህ ሥሩ አካባቢ አልኮተኩትም። ደረቅ ቅጠል ወፈር አድርጌ አለብሰዋለሁ፣ ከግንዱ ስንዝር ያህል አርቄ። ግንዱን ከነካው እርጥበቱ ቅርፊቱን ያበሰብሰዋል።

ከተጣበቀበት በታች የሚወጣውን ቡቃያ ወዲያው ቁረጡት። እሱ ሀስ አይደለም፣ የሥረ ግንዱ ነው፤ ከተዋችሁት ጉልበቱን ይወስድበታል። አንድ ቅሬታም አለኝ፦ የግራፍቱ ማሰሪያ ፕላስቲክ ሳይፈታ ነው የሸጡልኝ። ግንዱን ማነቅ ጀምሮ ስለነበር ቀስ ብዬ ቀድጄ አወጣሁት።

ለችግኙ ከ5 ኮከብ 5፣ ለወረቀቱ 1። ለሻጮቹ ሄጄ ነግሬአቸዋለሁ። እስካሁን ግን ያንኑ ወረቀት ነው የሚሰጡት።