ለጉልበቴ ሄጄ ስለ ሆዴ የጠየቀኝ ክሊኒክ

ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ያለ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ ክሊኒክ ነው። ጉድለቱንም ስለምጽፍ ስሙን እዚህ አላወጣም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ እነግረዋለሁ።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ሆዴን አሞኛል። ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ አንዳንዴም ደም። በሄድኩበት ሁሉ አሜባ ነው ይሉኛል፣ መድኃኒቱን እወስዳለሁ፣ ሳምንት ተሽሎኝ ይመለሳል። ከዚያ ቀኝ ጉልበቴ አበጠ። ቅልጥሜ ላይ ደግሞ ጠጠር ያሉ፣ ጠቆር ብለው የሚያብጡ፣ ልብስ ሲነካቸው እንኳ የሚያሙ እብጠቶች ወጡብኝ። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችልኝ። ጎረቤት ቁርጥማት ነው አለ። አንድ ቦታ የቆዳ ቅባት ሰጡኝ፣ ሌላ ቦታ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ወጉኝ። መርፌው ጉልበቴን አስታገሰልኝ፣ ሆዴ ግን በዚያው ሰሞን ባሰበት። ሆዱንና ጉልበቱን አንድ ላይ ያየልኝ አልነበረም፣ እኔም አላሰብኩትም።

ወደዚህ ክሊኒክ የሄድኩ ቀን፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ስወጣ እግሬን ማጠፍ አቅቶኝ ነበር። ሐኪሙ ጉልበቴን አየ፣ እብጠቶቹን በጣቱ ጫን ጫን አደረገ፣ ከዚያ ቀና ብሎ «ሰገራሽ እንዴት ነው?» አለኝ። ደነገጥኩ። ወጣት ነው፣ አፈርኩ። «አብሽሪ፣ እዚህ የማይወራ ነገር የለም» ሲለኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ለማንም ያልነገርኩትን ደሙን ጭምር።

ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳኝ። ክሮን እና አልሰረቲቭ ኮላይቲስ የሚባሉ የአንጀት በሽታዎች አሉ፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን አንጀት ያስቆጣል፣ ቁጣውም እዚያው አይቀርም፣ መገጣጠሚያ ላይ፣ ቆዳ ላይ፣ ዓይን ላይ ይወጣል። የእኔ የቅልጥም እብጠት ኤሪቴማ ኖዶሰም ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ አንጀቱ ሲነሳ ይነሳል፣ አንጀቱ ሲረጋ ይጠፋል። እንደ ጉልበት ያለ ትልቅ መገጣጠሚያም እንዲሁ ነው። የጣት ትንንሽ መገጣጠሚያዎችና የአከርካሪ ሕመም ግን ሆድ ሰላም ሆኖም ሊቀጥል ይችላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አንጀቱን ሊቀሰቅሱት እንደሚችሉም የሰማሁት ያን ቀን ነው።

በጣም የወደድኩት ግን አለመቸኮሉን ነው። የአንጀት ቲቢ ክሮንን ይመስላል፣ ቲቢ ራሱ እንዲህ ያለ እብጠት ያወጣል፣ የሥጋ ደዌ በሽተኛ ላይም ተመሳሳይ ይታያል፣ ስለዚህ እኛ አገር እነዚህን ሳያጣሩ ስም መስጠት አይቻልም አለኝ። ሰገራ፣ ደም፣ የደረት ራጅ አሠራኝ። ለኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም አንጀቴ በካሜራ እንዲታይ፣ እና ለናሙና አዲስ አበባ ሲልከኝ ሁለት ገጽ ሙሉ በእጁ ጽፎ ነው፤ እዚያ ስደርስ ታሪኬን ከመጀመሪያው መናገር አላስፈለገኝም። ውጤቱ አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ሆነ።

ቁጣውን የሚያበርዱ ፕሬድኒሶሎንና ሰልፋሳላዚን የሚባሉ መድኃኒቶች ከፎሊክ አሲድ ጋር ጀመርኩ። ፕሬድኒሶሎኑን ተሻለኝ ብለሽ በራስሽ እንዳታቆሚ፣ ቀስ እያልን ነው የምንቀንሰው ብሎ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀኝ። ሽንትሽ ብርቱካናማ ቢሆን አትደንግጪ፣ ከሰልፋሳላዚኑ ነው፤ ዓይንሽ ቀልቶ ካመመሽ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነይ አለኝ። መጀመሪያ እብጠቶቹ ጠፉ፣ ጥቁር ምልክት ብቻ ቀረ። ጉልበቴ ዘግየት ብሎ ነው የለቀቀኝ። አሁን ሐረጎን ስወጣ እግሬን አጥፌ ነው የምቀመጠው።

ጉድለቱ ወረፋው ነው። 2 ሰዓት ደርሼ የገባሁት 7 ሰዓት ላይ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሽንት ቤቱ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው፣ ጥበቃው ደግሞ አንዳንዴ በር ላይ የለም። የአንጀት በሽተኛ የሚያክም ቦታ ይህን ማድረግ የለበትም፤ እኔ ያን ቀን እንባዬ መጥቶ ነበር። ለሐኪሙ ነገርኩት። በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ቁልፉ ካርድ ክፍሉ ጋ ተሰቅሎ አገኘሁት። ሰልፋሳላዚኑም ፋርማሲያቸው ውስጥ ሁልጊዜ አይገኝም፣ አንዴ ከአዲስ አበባ ዘመድ ነው የላከልኝ፤ ሊያልቅባችሁ ሳምንት ሲቀረው መፈለግ ጀምሩ።

የምትሄዱ ከሆነ የድሮ ማዘዣዎቻችሁን፣ የመርፌውንም ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ በአንድ ነው የሚያያቸው። ሰኞ ቀን ግን አትሂዱ። ገበያ የወጣው ሰው በዚያው ስለሚታከም ወረፋው አይቻልም።