ኢንቨርተሩ ወፍጮ ቤቴ ከገባ አሥር ወር ሞላው

ድሮ ወፍጮዬ ሲነሳ የጎረቤት አምፖል ይፈዝ ነበር። ባለ 15 ኪሎዋት ስሪ ፌዝ ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ አምፔር ይስባል። ሞተሩን በሁለት ደረጃ፣ መጀመሪያ በስታር ቀጥሎ በዴልታ አያያዝ የሚያስነሳ ስታር ዴልታ ስታርተር ነበረኝ፤ እሱም ወደ ዴልታ ሲዘል ቺንጋው ይጮኻል፣ ጎረቤትም ይጮኻል። በጥቅምት ኢንቨርተር ገዛሁ። የሶላሩን አይደለም የምለው፣ የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ነው።

ሻጩ «ሞተርህ 15 ከሆነ ባለ 15ቱ ይበቃሃል» አለኝ። ደግነቱ ማኑዋሉን አገላብጬ ነበር። ከ1,000 ሜትር ከፍታ በላይ በየ100 ሜትሩ አቅሙ 1 በመቶ ይቀንሳል ይላል፤ አየሩ ስለሚሳሳ በደንብ አይቀዘቅዝም። ጎንደር ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 11 በመቶ ሄደ ማለት ነው። ባለ 15ቱ የሚሰጠው 32 አምፔር ወደ 28 ተኩል ይወርዳል፤ የሞተሬ ታርጋ 30 ይላል። ባለ 18.5 ኪሎዋቱን ወሰድኩ። ልዩነቱን ስከፍል አንገብግቦኝ ነበር፣ አሁን ግን አልቆጭም።

የተቆጨሁት በገጠማው ነው። የመጀመሪያው ኤሌክትሪሻን «እዚህ ንፋስ ያገኛል» ብሎ ራቁቱን ከወፍጮው አጠገብ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ በቅዳሜ ገበያ ቀን፣ ሰልፉ በር ድረስ ደርሶ ሳለ ቀጥ አለ። ስክሪኑ ላይ የሙቀት ስህተት ይላል። «ልጄ፣ እህሌን ልውሰደው ወይስ ልጠብቅ?» አሉኝ አንዲት እናት። ምን ልበላቸው? ኋላ ሲፈታ በማቀዝቀዣ ክንፎቹ መሃል የጤፍ ዱቄት እንደ ሊጥ ተጋግሮ አገኘነው።

ሁለተኛው ባለሙያ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰውዬ ናቸው። ብሬከሩን አጠፉና ቁጭ ብለው ቡናቸውን መጠጣት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ አንጀምርም እንዴ?»

«ስክሪኑ ነው የጠፋው። ሆዱ ውስጥ ያለው ገና አልጠፋም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። 380 ቮልቱ ወደ 540 ገደማ ዲሲ ይቀየራል፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ያንን ያከማቹታል፤ መብራት ቢጠፋም ወዲያው አይለቁትም። አሥር ደቂቃ ጠብቀው ቴስተሩን ዲሲ ላይ አድርገው በፕላስና በማይነስ ተርሚናሎቹ ላይ ነኩ። 38 አለ። ሲኒያቸውን እንደገና አነሱ። ዜሮ ሲጠጋ ነው ካቻቢቴ የያዙት።

ከወፍጮው ክፍል አውጥተው ከግድግዳው ማዶ፣ ፋንና ፊልተር ባለው ዝግ የብረት ሳጥን ውስጥ አስገቡት፤ ከላይም ከታችም ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ክፍት ቦታ ተዉለት። የፊተኛው ሰው በኢንቨርተሩና በሞተሩ መሃል የድሮውን ስታርተር ኮንታክተሮች፣ ማለትም መስመሩን የሚከፍቱና የሚዘጉ ማብሪያዎቹን፣ ትቷቸው ነበር። ሞተሩ እየዞረ አንዱ ቢከፈት ኢንቨርተሩን ሊያቃጥለው ይችል እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። አወጧቸውና ሞተሩን በታርጋው መሠረት ዴልታ አሰሩት። ከቆጣሪ የሚመጣው አር፣ ኤስ፣ ቲ ላይ፣ ወደ ሞተር የሚሄደው ዩ፣ ቪ፣ ደብሊው ላይ መሆኑን ጮክ ብለው እየቆጠሩ አረጋገጡ። ቢገለበጥ ብሬከሩ በተነሳበት ቅጽበት ዕቃው ይቃጠላል።

ግራውንድ ግን የባሰው ጉድ ነበር። ከኒውትራል ጋር ተጠምዶ በናስትሮ ተጠቅልሏል! ለካ የወፍጮውን አፍ በነካሁ ቁጥር እጄን የሚነዝረኝ ለዚህ ኖሯል። አሁን ከሞተሩ ቀፎ እስከ ኢንቨርተሩ፣ ከዚያም እስከ ተቀበረው ዘንግ የራሱ ሽቦ አለው። የሞተሩን ኬብል የብረት ሽፋን (ሺልድ) ባለው ሲቀይሩልኝ የጎረቤት ሬዲዮ መንጫረሩም ቀረ።

አሥር ወር ሆነ። በ15 ሰከንድ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ አምፖል አይፈዝም። ዓምና ሁለቴ የቀየርኩትን ቺንጋ ዘንድሮ አልነካሁትም። ሻጩ «ቆጣሪህ በግማሽ ይቀንሳል» ያለው ግን ወሬ ነው። ወፍጮ ቀኑን ሙሉ በ50 ኸርዝ ጭነት ላይ ከዋለ ምኑ ይቆጠባል? ለበርበሬ ብዬ 30 ላይ ሞክሬ ሞተሩ ጋለ፤ ማቀዝቀዣው በራሱ ዘንግ ስለሚዞር ሲዘገይ አብሮ ይዘገያል። ማታ ማታ ቮልቴጅ ሲወርድም ስህተት አሳይቶ ይቆማል፤ በዚህ እሱን አልከስም። መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገውን ግን አስጠፍቻለሁ። ሠራተኛዬ ቺንጋው ላይ እጁን አድርጎ ሳለ ቢነሳስ?

ስድስተኛው ወር ላይ ብሎኖቹን ስናጠብቅ ቲ ላይ ያለው ላልቶ፣ የሽቦው ልባስ ቡናማ ሆኖ አገኘነው። አሁን በየሦስት ወሩ እናጠብቃለን፤ ፊልተሩን ደግሞ በየእሑዱ አራግፋለሁ።

አንድ ቅሬታ ቀረኝ፤ ሞተሩ ያፏጫል። ያቺ የቅዳሜዋ እናት «ምንድን ነው የሚያፏጨው፣ እባብ አስገባህበት እንዴ?» ብለው ስቀውብኛል። የኢንቨርተሩ ሴቲንግ ውስጥ ያለ አንድ ቁጥር ከፍ ቢደረግ ፉጨቱ ይቀንሳል፣ ኢንቨርተሩ ግን የበለጠ ይግላል። ስለዚህ ያፏጭ።