የሽቶ ብልቃጥ ወይስ መንታው የኩል ዕቃ?
በሮማውያን ዘመን ከተሠሩት የብርጭቆ መዋቢያ ዕቃዎች መካከል የሽቶ ብልቃጡ በብዛት አቻ የለውም። ብርጭቆን በቧንቧ መንፋት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን ሲጀመር ዋጋው ረከሰ፤ መቃብሩ ሁሉ በብልቃጥ ተሞላ። አንገቱ ቀጭን ስለሆነ ቅባቱ በጠብታ ይወርዳል። ከሥሩ ክብ የሆነው ግን ያለ ድጋፍ አይቆምም።

እኔን የሚማርከኝ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በሶርያና በፍልስጥኤም የተስፋፋው መንታው የኩል ዕቃ ነው። ባለሙያው የተነፋውን ቱቦ በትኩሱ መሃል ለመሃል አጥፎ ሁለት ያደርገዋል፤ በዙሪያው ቀጭን የብርጭቆ ክር ይጠመጥምበታል፤ ከላይ ደግሞ እንደ ቅርጫት እጀታ ያለ ማንጠልጠያ ይቀጥልለታል። አንዳንዱ ማንጠልጠያ ደርብ በደርብ ነው፤ መቼም ይህ ለኩሉ ሳይሆን ለታይታ ነው! ኩል የሚኳሉበት የነሐስ ዘንግ በውስጣቸው እንደተሰካ የተገኙም አሉ።