የኢኳል ኤክስቼንጅ የኢትዮጵያ ቡና ለጀበና ይሆናል?

ይሆናል። ኢኳል ኤክስቼንጅ የአሜሪካ የፍትሐዊ ንግድ ድርጅት ነው፤ ቡና ከአነስተኛ ገበሬዎች ማኅበራት ይገዛል። ግን ተቆልቶ የመጣ ቡና መሆኑን አትርሱ። ጥሬውን አጥቤ፣ ቆልቼ፣ ጭሱን ለእንግዳ አዙሬ ማሽተት የለመድኩ ሴት ነኝ። ከረጢት ቀድዶ መፍጫ ውስጥ መገልበጥ ለኔ ግማሽ ቡና ነው። ስለዚህ የምገዛው ለሥራ ቀን ጠዋት ነው እንጂ ለእሁድ አይደለም።

ጣዕሙን ወድጄዋለሁ። ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይላል፣ ምሬቱም ልክ ነው። የተፈጨውን ሳይሆን ፍሬውን ግዙ። ለማሽን ተብሎ የሚፈጨው ለጀበና ይሻክራል። እቤት አድቅቃችሁ ስትፈጩት አቦሉ ደስ ይላል፣ ቶናውም አያሳፍርም። በረካው ግን ውሃ ነው፣ አትልፉ።

ባለቤቴ «ጥሬውን ከሐበሻ ሱቅ ረከስ አድርገሽ አታመጪም ወይ?» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ይረክሳል። ብቻ እኔ በምገዛበት ሱቅ ከረጢቱ ላይ «ሐረር» ወይም «ይርጋጨፌ» ከሚል ጽሑፍ በቀር ማን እንዳመረተው የሚናገር የለም። ኢኳል ኤክስቼንጆች ግን ከማን እንደሚገዙ በስም ይናገራሉ። ከሚገዙባቸው አንዱ የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ነው።

ኢኳል ኤክስቼንጅን የጀመሩት በ1986 እ.ኤ.አ. ማሳቹሴትስ ውስጥ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሪንክ ዲኪንሰን፣ ማይክል ሮዚንና ጆናታን ሮዘንታል። የመጀመሪያ ዕቃቸው የኒካራጓ ቡና ነበር። ያኔ የአሜሪካው የሬገን መንግሥት ኒካራጓ ላይ የንግድ ማዕቀብ ጥሏል። ሰዎቹ ቀዳዳ አገኙ፤ ቡናው ኔዘርላንድስ ተቆልቶ ከመጣ የኒካራጓ ዕቃ ተብሎ አይከለከልም። ሲጀምሩ እንዲህ ደፋር የነበሩ ብዙ ድርጅቶች ሲያድጉ ለትልቅ ኩባንያ ይሸጣሉ። እነዚህ ግን መሸጫውን በር ራሳቸው ዘግተውታል። ባለቤቶቹ ሠራተኞቹ ናቸው፣ ዛሬ ከመቶ በላይ ሆነዋል። አለቃም ሆነ ቡና አሻጊ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው ያለው። ከውጭ ገንዘቡን የሚያስገባ ሰው አክሲዮን ይይዛል እንጂ አይመርጥም። ድርጅቱ ቢሸጥ ደግሞ ዕዳ ተከፍሎ የሚተርፈው ለሌላ የፍትሐዊ ንግድ ድርጅት እንዲሰጥ ደንባቸው ያዛል። ሸጦ የሚከብር የለም ማለት ነው። እኔን የገዛኝ ይሄ ነው።

በ2011 የፍትሐዊ ንግድ መለያ የሚሰጠው የአሜሪካ ድርጅት፣ ፌር ትሬድ ዩኤስኤ፣ የቡና መለያውን ለትልልቅ እርሻዎችም ለመስጠት ፌርትሬድ ከተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ሲወጣ፣ ኢኳል ኤክስቼንጅ ጮክ ብሎ ተቃወመ። አነስተኛ ገበሬ ከሰፋፊ እርሻ ጋር በአንድ መለያ ሥር ከተሰለፈ ማን ቀድሞ እንደሚሸጥ ግልጽ ነው።

የእኛዎቹም አድገዋል። የኦሮሚያው ዩኒየን በ1999 እ.ኤ.አ. በ34 መሠረታዊ ማኅበራት ተነሳ፣ ሥራ አስኪያጁ ታደሰ መስቀላ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ የዓለም የቡና ዋጋ ለአንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ሐረርጌ ላይ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ብዙ ነው። ዩኒየኑ ያንን አልፎ ዛሬ ከ400 በላይ ማኅበራትን ይዟል። ከትርፉም 70 በመቶውን ለአባል ማኅበራቱ ይመልሳል።

አሁን ስለ ዋጋ። «ፍትሐዊ» ሲባል ገበሬው ከበረ ማለት አይደለም። በፌርትሬድ ደንብ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የታጠበ አረቢካ ከ1.80 ዶላር በታች አይሸጥም፣ በዚያ ላይ ለማኅበሩ 20 ሳንቲም ይጨመራል። ይህ ለአንድ ፓውንድ ነው። በ2025 መጀመሪያ ገበያው ከ4 ዶላር ሲያልፍ ግን ያ ወለል ዋጋ ማንን ይረዳል? ያን ጊዜ ጭንቁ ሌላ ነው። ቡና ሰብሳቢው ነጋዴ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ገበሬው ደጅ ይቆማል፣ ማኅበሩ ባዶ ካዝና ይዞ ያያል። እሸት ቡና አይጠብቅም። ስለዚህ ከወለሉ ይልቅ የምወደው ሌላውን አንቀጽ ነው፤ ማኅበሩ ከጠየቀ ገዢው እስከ ውሉ 60 በመቶ ድረስ ገንዘብ አስቀድሞ እንዲያገኝ ማድረግ አለበት። የማስታወቂያ ሰዎች ግን ስለ ብድር አያወሩም፣ ፈገግ ያለ ገበሬ ፎቶ ይቀላቸዋል።

ቸኮሌታቸውም ጥሩ ነው፣ ልጆቼ ከቡናው ይልቅ እሱን ያውቁታል። በ1996 ከሉተራን አብያተ ክርስቲያናት የእርዳታ ድርጅት፣ ከሉተራን ወርልድ ሪሊፍ፣ ጋር ሆነው ለአብያተ ክርስቲያናት መሸጥ ጀመሩ፣ ከአምልኮ በኋላ ቡና የምታፈሉ ጉባኤዎች ጠይቋቸው። በካርቶን ሲገዛ ይቀንሳል። ለቤት ከሆነ አንድ ከረጢት ሞክሩ፤ ለበዓል ግን ጥሬ ቡናችሁን ቁሉ።