ለጣሪያ ሥራ ድርጅት ሪቪው ማሰባሰብ፦ በቴክስት፣ በካርድ ወይስ በሶፍትዌር?

ምግብ ቤት የወደደ ሰው በሳምንቱ ይመለሳል። ጣሪያ ያሠራ ሰው ግን አይመለስም። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ቤት የሚለብሰው የአስፋልት ሺንግል ከ20 እስከ 30 ዓመት ይቆያል። ዛሬ ያስደሰታችሁት ደንበኛ ዳግመኛ ጣሪያ የሚፈልገው ልጆቹ አድገው ከቤት ከወጡ በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ አዲስ ደንበኛ ማለት ሁልጊዜ የማያውቃችሁ ሰው ነው። ያ ሰው ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ የሚጠይቅ ሥራ ሊሰጣችሁ ነው። ከመደወሉ በፊት ስልኩን አውጥቶ ሰው ስለ እናንተ ምን እንዳለ ያነባል፤ ሪቪው የሚባለው ይህ ነው።

ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ውስጥ ጣሪያ የምትሠሩ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ ከሆነ፣ ሪቪው እናመጣላችኋለን የሚሉ ሻጮች መደወላቸው አይቀርም። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ለይታችሁ እዩ። አንደኛው ሪቪው የት ይጻፍ የሚለው ነው። ሁለተኛው በምን መንገድ ይጠየቅ የሚለው ነው። ሻጮቹ ብዙ ጊዜ ሁለቱን ደባልቀው ነው የሚያቀርቡት።

የት ይጻፍ?

መጀመሪያ ጉግል ላይ። በዚህ ላይ አልደራደርም። ጉግል ራሱ እንደሚያስረዳው፣ ሰው ካርታ ላይ «ጣሪያ ሠሪ» ብሎ ሲፈልግ ማን ቀድሞ እንደሚታይ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ከተፈለገው ነገር ጋር መዛመድ፣ ርቀት እና ታዋቂነት። የሪቪው ብዛትና የኮከቡ አማካይ የሚቆጠሩት ታዋቂነቱ ውስጥ ነው። የድርጅታችሁ የጉግል ገጽ ነጻ ነው። ድሮ «ጉግል ማይ ቢዝነስ» ይባል የነበረው ነው፤ ከ2021 ጀምሮ «ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል» ሆኗል። ቢሮ ሳትከራዩ ከቤታችሁ የምትሠሩ ከሆነ አድራሻችሁን ደብቃችሁ የምትሠሩባቸውን ከተሞች ብቻ መዘርዘር ትችላላችሁ።

ጉግል ችግር የለውም ማለት አይደለም። ለመጻፍ የጉግል አካውንት ያስፈልጋል። የይለፍ ቃላቸውን የረሱ አዛውንት ደንበኛ እዚህ ጋ ይተዉታል። አንዳንዴም የጉግል ማጣሪያ እውነተኛ ሪቪው ያጠፋል፤ ለማስመለስ ደግሞ ደጅ መጥናት ነው። ያም ሆኖ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥ ቦታ ነው።

የልፕ የሚባለው የሪቪው ድረ ገጽ ፀባዩ ለየት ይላል። ጉግል ደንበኛን መጠየቅ ይፈቅዳል፤ የልፕ ግን ጭራሽ አትጠይቁ ይላል። የተጠየቀ የመሰለውን ሪቪው የራሱ ሶፍትዌር «የማይመከሩ» ወደሚለው ክፍል ያወርደዋል፤ እዚያ የገባ ደግሞ ከኮከቡ አማካይ ውስጥ አይቆጠርም። አዲስ ጀማሪ አሥር ደንበኞቹን ለምኖ የልፕ ላይ ካጻፈ በኋላ ሁለቱ ብቻ ሲታዩ ተበድያለሁ ብሎ ይናደዳል። በደል አይደለም፤ የቤቱ ደንብ ነው። እዚያ ገጹን አሳምሩ፣ ፎቶ ጫኑ፣ ለተጻፈው መልስ ስጡ። ከዚያ ተዉት።

አንጂ (እስከ 2021 አንጂስ ሊስት ይባል የነበረው) በዋናነት ሊድ (ሥራ ማሠራት የሚፈልግ ሰው ስምና ስልክ) የሚሸጥ ድርጅት ነው። ሪቪው እዚያ ማሰባሰብ የሚጠቅመው እዚያው ሊድ የምትገዙ ከሆነ ብቻ ነው። አንዱን ሊድ ለእናንተም ለሌሎችም ሊሸጥ ስለሚችል፣ ደንበኛው ስልኩን ሲያነሳ አራተኛው ደዋይ ሆናችሁ ልትገኙ ትችላላችሁ። የአንጂ እህት ድርጅት ሆም አድቫይዘር ስለሚሸጠው ሊድ ጥራት የሥራ ሰዎችን አሳስቷል ተብሎ በፌዴራል የንግድ ኮሚሽን (ኤፍቲሲ) ተከሶ ነበር። ጉዳዩ በ2023 እስከ 7.2 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ክፍያ ነው የተቋጨው። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አስቡት።

ቤተር ቢዝነስ ቢሮ (ቢቢቢ) ከ1912 ጀምሮ ያለ ተቋም ነው፤ ዕድሜያቸው የገፋ የቤት ባለቤቶች ያከብሩታል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ከ«ኤ ፕላስ» እስከ «ኤፍ» የሚሰጠው ደረጃ ከደንበኛ ሪቪው የሚወጣ አይደለም። ደረጃው በዋናነት ቅሬታ ሲመጣ እንዴት እንደምታስተናግዱ ያያል። እዚያ ኮከብ ከማብዛት ይልቅ ቅሬታ ሳይመለስ እንዳይቀር መጠበቅ ይበልጣል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ኔክስትዶርን (ጎረቤቶች የሚገናኙበት አፕ) እና የሰፈር የፌስቡክ ግሩፖችን ነው። ለጣሪያ ግን እነዚህ ወርቅ ናቸው። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሰፈር ብዙ ጊዜ በአንድ ሰሞን በአንድ ገንቢ የተሠራ ነው። የአንዱ ቤት ሺንግል መርገፍ ከጀመረ የጎረቤቱም ዕድሜ እየደረሰ ነው ማለት ነው። በረዶ ሲጥልም መንገዱን በሙሉ ነው የሚመታው። በዚያ ሰሞን አንድ ጎረቤት «የእኔን እነዚህ ናቸው የሠሩልኝ፣ ግቢዬን አጽድተው ነው የሄዱት» ብሎ ከጻፈ፣ ያ አንድ መስመር ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጣል። ኮከብ ባይኖረው ግድ የለም።

በምን ይጠየቅ?

እዚህ ላይ ምርጫችሁ ሦስት ነው፦ በራሳችሁ ስልክ የሚላክ ቴክስት፣ ኪውአር ኮድ ያለበት ካርድ እና በወር የሚከፈልበት ሶፍትዌር።

ቴክስቱ ነጻ ነው፤ ከሦስቱም የሚሻለው እሱ ነው ባይ ነኝ። ከጉግል ገጻችሁ ላይ ሪቪው መጠየቂያ ሊንኩን አንዴ ኮፒ አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ቁም ነገሩ ሰዓቱና ላኪው ነው። ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ያልቃል። መጨረሻ ላይ ሸራው ይጠቀለላል፣ አሸንዳው ይጠረጋል፣ ከዚያ ባለ ጎማው ማግኔት ሣሩ ላይና መኪና መግቢያው ላይ ይገፋል። የቤቱ ባለቤት ቆሞ ያንን ማግኔት ሲያይ፣ ከሣሩ መሃል የወጣውን የሚስማር ክምር ሲያይ፣ ልጆቹና ውሻው በዓይኑ ይመጡበታል። ልቡ የሚረጋው ያኔ ነው። ከእሱ ጋር ግቢውን ዞራችሁ በጭስ ማውጫው ዙሪያ የተሠራውን ቆርቆሮ በፎቶ አሳዩት። ከዚያ መኪናው ሳይነሳ ቴክስቱ ይሂድ። በማግስቱ ሥራውና ልጆቹ ይይዙታል፤ በሳምንቱ ደግሞ ጣሪያውን ረስቶታል። ደህና የተሠራ ጣሪያ ጠባዩ መረሳት ነው።

መልእክቱ ከዚህ አይርዘም፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ ዛሬ ጣሪያዎን የጨረስንልዎ ነን። ግቢውን በማግኔት ፈትሸናል፣ ፎቶዎቹም ይኸው። ሁለት ደቂቃ ካገኙ ስለ ሥራችን የተሰማዎትን በዚህ ሊንክ ቢጽፉልን ትልቅ እገዛ ነው። ያልተስተካከለ ነገር ካለም በዚሁ ቁጥር ይደውሉልኝ፣ መጥቼ አየዋለሁ።»

ላኪው ደንበኛው ፊቱን የሚያውቀው ሰው ይሁን። ዋጋ የገመተለት ወይም ሥራውን የመራው ማለት ነው። ከማያውቀው የቢሮ ቁጥር የመጣ ሊንክ ማጭበርበሪያ ይመስለዋል፤ አይፈረድበትም። ምን ብሎ እንደሚጽፍም አታስጠኑት። በራሱ አንደበት የተጻፈ ሁለት መስመር ከተቀነባበረ አንቀጽ ይበልጥ ይታመናል።

በኢንሹራንስ የሚሠራ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። ብዙ ጊዜ ኢንሹራንሱ ገንዘቡን ከፋፍሎ ነው የሚሰጠው፤ ሁለተኛው ቼክ የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ሥራው ባለቀ ዕለት ካልጠየቃችሁ ቼኩ እስኪመጣ ታገሡ። በመሃል ደንበኛው ከኢንሹራንሱ ጋር ስልክ ላይ እየተጨቃጨቀ ስለሆነ ንዴቱ እናንተ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ስለ ሐበሻ ደንበኞቻችንም ላንሳ። የእኛ ሰው ሥራ ሲወድ ይመርቃል። «እጅህ ይባረክ» ይላል፣ ቡና ያፈላል፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለሦስት ሰው ያወራላችኋል። መጻፉ ላይ ግን የለንበትም። ከሐበሻ ውጭ ያለው ደንበኛ ደግሞ ያንን ምርቃት አይሰማም። ስለዚህ ሳታፍሩ ጠይቋቸው፤ «አሁን ያሉኝን እዚህች ላይ ይጻፉልኝ» በሏቸው። በአማርኛ ቢጽፉትም ምንም አይደለም፤ ጉግል ለአንባቢው ሊተረጉምለት ይችላል።

ካርዱ ርካሽ ነው፣ የሚጎዳውም ነገር የለም። ከዋስትና ወረቀቱ ጋር ቢሰጥ ጥሩ ነው። ብቻውን ግን አቅም የለውም። ዋስትናው መሳቢያ ውስጥ ሲገባ ካርዱም አብሮ ይገባል። የቴክስት ረዳት አድርጉት። ጉግል ገጹ ላይ ኪውአር ኮዱን በነጻ ስለሚሰጥ ኮድ ብሎ የሚያስከፍላችሁ ካለ እለፉት።

ሶፍትዌሩ ላይ ስንመጣ ዋጋው ይራራቃል። እንደ ናይስጆብ ያሉት በወር ከ100 ዶላር በታች የሚጀምር ጥቅል አላቸው። እንደ ፖዲየምና በርድአይ ያሉት ትልልቆቹ ከሻጭ ጋር አነጋግረው ነው ዋጋ የሚሰጡት፤ በወር ብዙ መቶ ዶላር ሊደርስ ይችላል፣ ውሉም ብዙውን ጊዜ የዓመት ነው። ሥራቸው ምንድን ነው? ቴክስቱን በራሳቸው ይልካሉ፣ ላልመለሰ ደንበኛ ያስታውሳሉ፣ ከየቦታው የመጣውን ሪቪው በአንድ ገጽ ያሳያሉ። ጥሩ ነገር ነው። ግን ሒሳቡን ሥሩት። በወር 400 ዶላር እየከፈላችሁ አራት ጣሪያ የምትሠሩ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ቴክስት ለመላክ 100 ዶላር ከፈላችሁ ማለት ነው። በወር አሥራ አምስትና ሃያ ጣሪያ ካላችሁ፣ ሦስት ቡድን በሦስት ከተማ ካሰማራችሁ፣ ያኔ ማስታወሱ ከእጃችሁ ስለሚያመልጥ ሶፍትዌሩ ዋጋውን ያወጣል።

በመሃል ያላችሁት ደግሞ አዲስ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን እዩ። ኢስቲሜትና ኢንቮይስ የምትልኩበት ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ጆበር ወይም ሃውስኮል ፕሮ፣ ሪቪው የሚጠይቅ አማራጭ አለው። በምትከፍሉት ጥቅል ውስጥ ካለ ሁለተኛ ድርጅት ምን ያደርግላችኋል?

የሚያስቀጣው

ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ የኤፍቲሲ ደንብ አለ። የውሸት ሪቪው መግዛትም መሸጥም ይከለክላል። ቅጣቱ በአንድ ጥሰት ከ50,000 ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። «50 ሪቪው በዚህ ዋጋ» የሚል መልእክት ከመጣላችሁ አጥፉት።

የእኛን ሰው በተለይ የሚነካው የዘመድ ጉዳይ ነው። ድርጅት ሲከፈት ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ የሰርግ ሚዜ ሁሉም አምስት ኮከብ ይሰጣል። ፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን ጣሪያ ሳያሠሩ መጻፍ የጉግልን ደንብ ይጥሳል። ባለቤቱ ሚስቱን ወይም ወንድሙን አጽፎ ዝምድናው ሳይገለጽ ሲቀር ደግሞ ከኤፍቲሲ ደንብ ጋርም ያጋጫል። ዘመድ መርዳት ከፈለገ ጣሪያ የሚያሠራ ጎረቤቱን ያገናኛችሁ።

የስጦታ ካርድ ሰጥቶ ሪቪው ማስጻፍ ጉግል ላይ ክልክል ነው። መጀመሪያ «ደስ ብሎዎታል?» ብሎ ጠይቆ፣ ደስ ላለው ብቻ ሊንክ መላክም እንዲሁ። አንዳንድ ሻጮች ይህንን ትልቅ ነገር አድርገው ያቀርቡታል። ሊንኩ ለሁሉም ይሂድ። ሁለትና ሦስት ኮከብ መሃል ላይ ቢገባም ገጹን እንዲያውም እውነተኛ ያስመስለዋል፤ ከሥሩ በትሕትና «መጥተን አስተካክለነዋል» የሚል መልስ ካለ።

ከመፈረማችሁ በፊት

ሻጩን እነዚህን ጠይቁት። ቴክስቱ ከየትኛው ቁጥር ነው የሚሄደው? በፕሮግራም ለሚላክ የንግድ ቴክስት የስልክ ኩባንያዎች ምዝገባ ይጠይቃሉ፤ ማን ነው የሚያስመዘግበው? ደንበኛው ቴክስት ለመቀበል መፍቀዱንስ እንዴት ነው የሚይዘው? ሳይፈቅድ በጅምላ መላክ በ1991 በወጣው የስልክ ጥበቃ ሕግ በአንድ መልእክት ከ500 እስከ 1,500 ዶላር ሊያስጠይቅ ይችላል። የሥራ ውላችሁ ላይ ደንበኛው ቴክስት መቀበል መስማማቱን የሚገልጽ መስመር ጨምሩ።

ደግሞም የጉግል ገጹ ባለቤት ማን እንደሆነ በወረቀት ይስፈር። ሻጩ «እኔ እከፍትላችኋለሁ» ብሎ በራሱ ኢሜይል ከከፈተው፣ በተጣላችሁ ቀን የሰበሰባችሁት ሪቪው ሁሉ እሱ እጅ ላይ ነው። ገጹን በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱ፣ ባለቤትነቱን ያዙ፣ ለእሱ የማስተዳደር ፈቃድ ብቻ ስጡት። ይህ ጉግል ላይ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው፤ ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ፈልጉ።