ደብተር፣ ስልክ ወይስ ያገለገለ ቲንክፓድ? ልብ ወለድ ለሚጽፍ ሰው

"በምን ልጻፍ? ምን ልግዛ?" የሚለው ጥያቄ በወር ሦስት አራቴ ይደርሰኛል። የሚጠይቁኝ ወይ አጭር ልብ ወለድ የጀመሩ ናቸው፣ ወይ ደግሞ ምን እንደሆነ ሳይናገሩ "አንድ ነገር እየሞካከርኩ ነው" የሚሉ ጓደኞቼ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደግመው አንዴ ጽፌ ልገላገል። ወዴት እንደማደላ ከወዲሁ ልናገር፦ ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ480 (የሌኖቮ ላፕቶፕ ነው) ግዙ።

እዚህ የደረስኩት ከከሰርኩ በኋላ ነው። በ2014 ስስና ብርማ፣ ሲያዩት የሚያሳሳ ላፕቶፕ በ31,000 ብር ገዛሁ። ሻጩ "ፍሬሽ ነው፣ ካርቶኑ ብቻ ነው የተከፈተው" አለኝ። በስምንተኛው ወር ታችፓዱ በአንድ ጥጉ ብድግ አለ። እኔም የዋህ ነኝ፣ በጣቴ እየተጫንኩ ሁለት ሳምንት ጻፍኩበት። ጠጋኙ ጋ ሲከፈት ባትሪው እርሾ እንደበላው ሊጥ ተነፍቶ ከስር እየገፋው ኖሯል። ኪቦርዱም ሦስት ፊደል መምታት አቁሞ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከላይኛው ክዳን ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ ለብቻው አይቀየርም። ባትሪና ክዳን 14,500 ብር ተጠየቅኩ። የላፕቶፑ ግማሽ ዋጋ ማለት ነው። እዚያው ጥዬው ወጣሁ።

ወደ ደብተር ተመለስኩ። ደብተርን የሚያህል የለም የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ፤ መብራት አይጠይቅም፣ ቴሌግራም የለበትም፣ ማንም አይሰርቀውም። እውነት ነው። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ባለ ጠንካራ ልባስ ደብተር 250 ብር፣ አራት ፈጀሁ፦ 1,000። ቢክ በ25 ብር ስድስት፦ 150። እስከዚህ ርካሽ ነው። ከዚያ ማስተየብ መጣ። 240 ገጽ፣ ገጹ በ25 ብር፦ 6,000። ለእርማት በገጽ 10 ብር፦ 2,400። ድምሩ 9,550 ብር፣ ያውም ለመጀመሪያው ረቂቅ ብቻ። አራቴ ከልሶ የሚጽፍ ሰው 38,200 ያወጣል፤ የአሁኑን ላፕቶፔን የገዛሁት በ38,000 ነው። 200 ብሩ ለማኪያቶ ይሁን።

የባሰው ደግሞ ብሩ አልነበረም። ያስተየብኩትን ፍላሽ ቤት ወስጄ ስከፍተው ገጹ በሙሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና የቃለ አጋኖ ድርድር ሆኖ ቁጭ አለ። ታይፒስቷ የተጠቀመችው የድሮ የግዕዝ ፎንት ነበር፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛው አማርኛ አይሆንም። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ እስከዛሬ ግን በድሮው የሚተይቡ ቤቶች አሉ። ማስተየብ ግድ ከሆነባችሁ ቀብድ ሳትከፍሉ በፊት "ዩኒኮድ ነው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ አንድ ገጽ አስተይባችሁም ስልካችሁ ላይ ክፈቱት። ስልኩ ካነበበው ዩኒኮድ ነው። ሌላም አለ፦ የኔ ገጸ ባሕርይ "ቆዘመ"፤ ተተይቦ ሲመጣ "ቆመ" ሆኗል። ሰውየው አሥራ ሁለት ገጽ ላይ እንዲሁ ሲቆም ይውላል።

ስልክ ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ወዳጄ ሙሉ ታሪክ ቴሌግራም ላይ ለራሱ እየላከ ጽፎ ጨርሷል፤ አንገቱ ግን እስካሁን ይታሻል። እኔም "ስልክ ካለኝ ኪቦርድ ብቻ ልጨምር" ብዬ ብሉቱዝ ኪቦርድ በ2,800 ብር ገዛሁ። በስልኩ መስታወት ላይ ደህና አማርኛ የሚጽፍልኝ መተግበሪያ ኪቦርዱ ሲገናኝ እንግሊዝኛ ብቻ ሆነ። የሚሠራ ሌላ መተግበሪያ ፈልጌ ሳገኝ ደግሞ የኪቦርዱ ስፔስ ባር ተነቀለ። ታክሲ ውስጥ የመጣላችሁን አንድ ዐረፍተ ነገር ለመያዝ ስልክ ይበቃል።

አሁን ወደ ቲ480። ስለ ፕሮሰሰርና ራም አላወራም፣ ለመጻፍ ሁሉም ይበቃል። የወደድኩት ባትሪውን ነው። ሁለት አለው፤ አንዱ ውስጥ የተቀበረ ባለ 24 ዋት ሰዓት (የባትሪ አቅም የሚለካበት ነው)፣ ሌላው ከስር በሁለት መቆለፊያ የሚወጣ። የውጪውን ነቅላችሁ ሌላ ስትሰኩ የውስጡ ስለሚይዘው ማሽኑ አይጠፋም። መብራት ሄዶ ለማይመለስበት ሰፈር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ተከታዩ ቲ490 ላይ ይህን አስቀርተውታል፤ ስለዚህ "አዲሱ ይሻላል" ብሎ ሻጭ ቢገፋፋችሁ እንዳትሰሙ። ትንሽ መጠን ለሚፈልግ ሌላው ቲንክፓድ ኤክስ270ም ሁለት ባትሪ አለው።

እዚህም ግን ተበልቻለሁ። "ኦሪጅናል፣ 72 ዋት ሰዓት" የሚል የተለጠፈበት ትርፍ ባትሪ በ4,500 ብር ገዝቼ አንድ ሰዓት ተኩል ሠራልኝ። ቤት ካለው ባለ 48 ጋር በሁለት እጄ ሳመዛዝነው 72 የተባለው ቀለለኝ። ያን ሱቁ ውስጥ ማድረግ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ የድሮውን ይዤ ነው ለመግዛት የምሄደው፤ ቀለል ካለኝ የተለጠፈውን ቁጥር አላነብም።

ኪቦርዱም ያልቃል፣ በተለይ አማርኛ ለሚጽፍ። በእንግሊዝኛ ቁልፎች እንደ ድምፁ ስንተይብ "ሰላም" ለማለት ሦስቱ ፊደል አምስት ምት ይፈልጋል፤ ስለዚህ አናባቢዎቹ ቁልፎች ቀድመው ያረጃሉ። የኔ ሁለቱ በዓመት ተኩል ውስጥ ተልጠው ጽሑፋቸው ጠፋ። ደግነቱ የዚህ ማሽን ኪቦርድ ለብቻው ይነሳል፤ ከሠራተኛ ጋር 3,200 ብር ጨረስኩ። ከዚያ በፊት በ1,800 ኮፒ አስገብቼ ነበር፤ መሐል ያለችው፣ እንደ ማውስ የምታገለግለው ቀይ ነጥብ ልክ አልገባችም፣ ስፔስ ባሩም በቀኝ በኩል ብቻ ይመታ ነበር። 1,400 ብር ለማትረፍ ብዬ 1,800 ጣልኩ። ለመተየቢያ ኪማንን ጫኑ፣ ነጻ ነው፣ ዩኒኮድም ነው፤ ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር በ300 ብር የሚጭንላችሁ አትፈልጉ።

ዋጋው ያማል፣ አልዋሽም። ይሄው ማሽን በ2015 መጨረሻ 24,000 ተብሎ ነበር፣ "ትንሽ ይውረድ" ብዬ ጠበቅኩ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፣ እኔም በ2017 38,000 ከፍዬ ወሰድኩት። የመጠበቄ ዋጋ 14,000 ብር። ሆኖም ነገ ብሸጠው ገዢ አለው፤ የታይፒስት ደረሰኝ ግን ማን ይገዛል?

የተረፈ ብር ካለ ጀርባ ያለው ተራ የእንጨት ወንበርና አንድ ቻርጅ የሚደረግ መብራት። ጎማ ያለው የቢሮ ወንበር ኮፒው ይበዛል፤ የኔ ጋዙ በአራተኛው ወር ወርዶ ጠረጴዛውን ከአገጬ ጋር አስተካክሎታል።

ሱቅ ስትሄዱ ቻርጀሩን አስነቅሉና በባትሪ ብቻ አስከፍቱ። ሲኤምዲ (ትእዛዝ የሚጻፍበት የዊንዶውስ መስኮት) ላይ የባትሪ ሪፖርት አውጡ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅምና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያችኋል። ከግማሽ በታች ከወረደ አዲስ ባትሪ የሚያስወጣውን ከዋጋው አስቀንሱ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ሃያ መስመር ጻፉ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ምቱ። ሻጩ "ኧረ ይሠራል፣ ምን ትፈልጋለህ?" ብሎ መነጫነጭ ከጀመረ ቀጥሎ ያለው ሱቅም ቲ480 አለው።